አንድ እጀታ፣ ሁለት ሥራ

ጀልባ ፍሬን የለውም። መኪና ስታቆሙ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፣ ጎማው አስፋልቱን ይይዛል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ውሃ ላይ ግን የሚያዝ ነገር የለም። ወደ ማቆሚያው የሚጠጋ ጀልባ የሚቆመው የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው ዞሮ ወደኋላ ሲጎትተው ነው። የኋላ ማርሹ እምቢ ካለ ሦስት ቶን ክብደት በእግረኛ ፍጥነት፣ ያለ ችኮላ፣ ከፊቱ ያለውን ነገር እስኪመታ ድረስ ይንሸራተታል።

አብዛኞቻችን ጀልባ የምናውቀው ጣና ላይ ገዳም ለመሳለም ስንሻገር፣ ወይም ሐዋሳ ላይ ልጆች ይዘን ለሽርሽር ስንወጣ ነው። እኔም ከዚያ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ ብሎን አጥብቄ የማውቀው የልጄን ብስክሌት ስገጣጥም ብቻ ነው። ባለፈው ሐምሌ ግን ከባለቤቴና ከአምስት ዓመቷ ልጃችን ጋር ስቶክሆልም እህቴ ዘንድ ሄደን ሦስት ሳምንት ቆየን። ከሦስቱ አንዱን ሳምንት ያሳለፍኩት አንገቴን የጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ ቀብሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኛ አገር የግል ጀልባ ሲባል የከበርቴ ነገር ይመስለናል። ስቶክሆልም ያለችው በሜላረን ሐይቅና በባልቲክ ባሕር መካከል ነው፤ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ደሴቶቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹና 1980ዎቹ የተሠሩ ትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች ደግሞ ከአሮጌ መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። የእህቴ ባል፣ ጋሼ የምለው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ስምንት ሜትር የምትሆነውን ጀልባውን የገዛት ከስምንት ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ ላይ ነው፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። የሚያቆማት በጀልባ ክበብ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ክበቦች እንደ እኛ ዕድር ናቸው ብል ያስኬዳል፤ አባላቱ በመከር ወቅት ጀልባዎቹን ተባብረው ከውሃ ያወጣሉ፣ በጸደይ ይመልሳሉ፣ ሌሊት በተራ ይጠብቃሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል።

ባለሸራ ጀልባ ሞተር ምን ያደርግለታል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄ ነበር። ሰፊው ውሃ ላይ ነፋሱ ይበቃል። ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ለመግባት፣ ነፋስ ሲጠፋ ለመመለስ፣ ወይም ሐማርቢ በሚባለው ቦታ ከሐይቁ ወደ ባሕሩ የሚያሳልፈውን የውሃ በር ለመሻገር ግን ሞተር ያስፈልጋል። በውሃ በሩ ከፊትም ከኋላም ከጎንም የሰው ጀልባ ተደርድሮ ይጠብቃል። እዚያ የኋላ ማርሽ የሌለው ሰው ባይገባ ይሻለዋል።

ሞተሩን የምታዝዘው ከመሪው አጠገብ ያለች አንዲት እጀታ ናት። ቀጥ ብላ ስትቆም ማርሹ ፍሪ ነው። ትንሽ ወደፊት ስትገፏት መጀመሪያ የፊት ማርሽ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ስትገፏት ነዳጅ ትጨምራለች። ወደኋላ ስትጎትቷትም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የኋላ ማርሽ፣ ቀጥሎ ነዳጅ። ከሥሯ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ሲነኩ ማርሹ ከእጀታዋ ይላቀቅና ነዳጅ ብቻ መስጠት ይቻላል። ጠዋት ሞተር ለማሞቅ ነው የተሠራችው። መኪና ላይ እጅና እግር ተከፋፍለው የሚሠሩትን ይህች እጀታ ብቻዋን ትሠራለች።

በእኛ ሙያ «በአንድ ንክኪ» የሚለው አባባል ወርቅ ነው። ስልክም ይሁን ማጠቢያ ማሽን፣ ቀላል ነው ከተባለ ይሸጣል። የድሮ ጀልባዎች ለማርሽ አንድ፣ ለነዳጅ አንድ፣ በድምሩ ሁለት እጀታ ነበራቸው፤ ነጂውም ሁለት ነገር እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። አንዷ እጀታ ስትመጣ የቀለለው የላዩ ነው። ከሥር ሁለቱ ሥራዎች ሁለት እንደሆኑ ቀርተዋል፤ ከእጀታዋ ሁለት ኬብሎች ወጥተው በወለሉ ሥር ተጠማዝዘው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፣ አንዱ ወደ ካምቢዮው፣ ሌላው ወደ ነዳጅ መስጫው። አንደኛው ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የደረሰብን ይኸው ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከሽርሽር ስንመለስ ልጄ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ለብሳ ፊት ለፊት ከአክስቷ ጋር ተቀምጣለች። ጋሼ እንደ ወትሮው ማቆሚያው ጋ ሲደርስ እጀታዋን ወደኋላ ጎተተ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ ግን መንገዷን ቀጠለች። ይበልጥ ጎተተ፣ ሞተሩ ይበልጥ ጮኸ። ነዳጁ ትእዛዙን ሰምቷል፣ ማርሹ አልሰማም። የእህቴ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሮጦ በአየር የተሞላውን መከላከያ በጀልባዋና በእንጨቱ መካከል ባይጥለው ኖሮ ከዚህም ይከፋ ነበር። ጓ! አለ። የፊቱ ብረት ታጠፈ፣ የቡና ቴርሞሱ ወደቀ፣ ሰው አልተጎዳም። ልጄ የጨዋታው አካል መስሏት ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም። ዋና አትችልም፤ ጀልባዋንም ከመጀመሪያው አልወደደቻትም።

ማታ ቡናው ሳይፈላ «ይሸጥ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጋሼ በስልክ ያነጋገረው ባለሙያ ነገሩን ሰምቶ ካምቢዮው ሳይሆን አይቀርም አለው። ለማየት ሞተሩ መውጣት አለበት፤ በበጋ ደግሞ ወረፋ አለ። የጠራው ዋጋ ጀልባዋ ተሸጣ ከምታወጣው ብዙም አይርቅም ነበር። የክበቡ ሰዎችም መጥተው አዩ። አዲስ አበባ መንገድ ዳር መኪና ቆሞ ቦኔት ሲከፈት አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ እንደሚሆነው፣ ስዊድን ውስጥም እንዲሁ መሆኑን በማየቴ ደስ ብሎኛል። ልዩነቱ ቀስ ብለው መናገራቸው ብቻ ነው። አንዱ ፕሮፔለሩ ነው አለ፣ ሌላው ፍሪሲዮኑ አልቋል አለ፣ አንዲት አሮጊት ሴት ደግሞ «እስቲ መጀመሪያ የሚታየውን እዩ» ብለው ውሻቸውን ይዘው ሄዱ። ከሁሉም የእሳቸው ምክር ጠቀመን።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሽያጭ ሲወርድ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። አንዱ ዋጋው ነው ይላል፣ አንዱ ማስታወቂያው፣ አንዱ አከፋፋዩ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ሽያጩ ቢመለስ እንኳ የቱ እንደመለሰው አያውቅም። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ወረቀት አውጥቼ ሦስት ሳጥን ሣልኩ፤ እጀታ፣ ኬብል፣ ካምቢዮ። ጥያቄያችን «ምን ተበላሸ?» መሆኑ ቀርቶ «ትእዛዙ ከእጀታው ተነስቶ የት ላይ ይጠፋል?» ሆነ። ጋሼ ወረቀቱን አይቶ «እንዲህ ከሆነማ መጋቢ አውቶቡስና ዋና መስመር ነው» አለ። ገብቶታል።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ላይ ሆኖ እጀታዋን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ከሥር ገብቶ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ክንድ ያያል። ካምቢዮው የሚገኘው ከሞተሩ በስተኋላ ስለሆነ ወደዚያ የሚገባው ቀጭን ሰው ነው፤ ያ ደግሞ የእህቴ ልጅ ብቻ ነው። አባትና ልጅ በዚያ ክረምት ብዙም አያወሩም ነበር። አባት በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በስዊድንኛ በአንዲት ቃል ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ውጭ አገር ያሳደጉ ብዙ ወላጆች ቤት አለ፤ እዚህም አለ።

መጀመሪያ የማሞቂያዋን ቁልፍ አየን። እሷ ተነክታ ከቀረች ነዳጅ ይገባል፣ ማርሽ አይገባም፤ ምልክቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ብዙ ሰው እሷን ሳያይ መካኒክ ይጠራል አሉ። የእኛዋ በቦታዋ ነበረች።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሞተሩ ቁልፍ ተነቅሎ ጋሼ ኪስ ገባ። ማንም እጁን ወደ ሞተር ከማስገባቱ በፊት ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ መሆን አለበት፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነጠላም ሆነ ሻርፕ ይውለቅ። ልጁ ተንበርክኮ ገባና ስልኩን በጠባቧ ክፍተት አስገብቶ መቅረጽ ጀመረ።

«ወደፊት!» አለ ጋሼ።

ከሥር ዝም።

«ወደፊት ብያለሁ፣ ምን አየህ?»

«ሄደ» አለ ልጁ። በአማርኛ ነው።

«ፍሪ!»

«ተመለሰ።»

«ወደኋላ!»

ከሥር ቆየት አለ። «አባዬ፣ ግማሽ ነው የሄደው።»

ደጋግመን ሞከርነው። ወደፊት ሲባል ክንዷ ሙሉ መንገዷን ትሄዳለች፤ ወደኋላ ሲባል መሀል ላይ ትቀራለች። ይህ ብቻውን ግን ካምቢዮውን ነጻ አያወጣውም፤ ክንዷን ከውስጥ የያዛት ነገር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ኬብሉን ከክንዷ ጋር የሚያያይዘውን ቀጭን የሽቦ ማያዣ በፒንሳ አውጥተን ለየናቸው። ልጁ ክንዷን በእጁ ገፋት፤ ቀጭ። ወደ ሌላኛው ገፋት፤ ቀጭ። በሁለቱም በኩል እኩል፣ ያለ ትግል።

ከዚያ ጀልባዋን ከፊትም ከኋላም በአራት ገመድ ጥፍር አድርገን አሰርናትና ሞተሩን በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሳን። አሁን ልጁን አስወጥቶ ጋሼ ራሱ፣ ጉልበቱ እያመመውም ቢሆን፣ ተኛና ከሚሽከረከረው ነገር ሁሉ እጁን አርቆ ክንዷን ወደኋላ ማርሽ አስገባት። ውሃው ከኋላ ወደ ፊት አረፋ እያነሳ ፈላ፤ የፊቱ ገመዶች ተወጠሩ፤ ጀልባዋ ማቆሚያውን ነቅላ ልትሄድ ሞከረች። ጋሼ ከተኛበት ሆኖ «ይጎትታል?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «ይጎትታል አባዬ፣ ይጎትታል!» አለው። ሞተሩን አጠፋንና ትንሽ ዝም ብለን ተቀመጥን። ካምቢዮው ደህና ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ አይወጣም።

ጥፋቱ የተገኘው ማታ እራት ላይ ነው፤ ልጁ ቪዲዮውን በጣም አዘግይቶ ሲያየው። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አስቡ፤ ውስጡ ሽቦ፣ ላዩ ሽፋን ነው፣ ሥራው መጎተት ብቻ ነው። የጀልባው ኬብል ግን ይጎትታልም፣ ይገፋልም። ሽቦው ወፈር ያለ ሆኖ በሽፋኑ ውስጥ ይመላለሳል። ይህ የሚሠራው ሽፋኑ በሁለቱም ጫፍ አጥብቆ ከተያዘ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው የሚገፋበት መደገፊያ ያጣል። የእኛው ሽፋን ካምቢዮው አጠገብ በሁለት ብሎን በታሰረች ትንሽ ማቀፊያ ነው የተያዘው። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ የለም። ወደፊት ሲሆን ኬብሉ ክንዷን ይጎትታል፤ ያኔ ሽፋኑ ወደ ማቀፊያው ተጠግቶ በትከሻው ይደገፋል፣ ሥራውም ይሠራል። ወደኋላ ሲሆን ኬብሉ ይገፋል፤ ያኔ ሽፋኑ ራሱ ከላላችው ማቀፊያ እየሾለከ ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ የእጀታዋን እንቅስቃሴ ግማሹን ይበላዋል። ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሽፋኑ እንደ እባብ ሽምቅ ሲል ልጁ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ይኸው» ይላል፣ አባቱ መነጽሩን ፍለጋ ይሮጣል። የጠፋውን ብሎን በማግስቱ ከሞተሩ ሥር፣ ዘይት የጠገበ ውሃ ውስጥ አገኘነው።

ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ይበቃ ነበር ወይ? ለአንድ ቀን ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ፈትተን ብቻውን በእጅ ስናንቀሳቅሰው ሻከር አለ፤ አንድ ቦታ ላይም ሽፋኑ ተሰንጥቆ ዝገት ይታያል። እንዲህ ያለ ኬብል ዘይት አጠጥቶ ማቆየት የሚመከር አይደለም፤ ውስጡ ከፋብሪካ ተለስልሶ የሚመጣ ስለሆነ ከተንገራገጨ ይቀየራል። የነዳጁም ኬብል እኩያው ነውና ሁለቱንም አንድ ላይ መለወጥ ይሻላል፤ ወለሉን ሁለት ጊዜ ከመንቀል። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ እህቴ ለእኛ አቀባበል ካወጣችው ብዙም አልበለጠም። እኔ በዚህ ላይ ጥብቅ አቋም አለኝ፤ ልጅ የሚሳፈርበት ነገር ላይ «ለጊዜው ይሁን» የሚባል ጥገና አልወድም።

በጣም የወደድኩት ኬብሉን የቀየርንበትን መንገድ ነው። የድሮው ኬብል በወለሉ ሥር፣ በግድግዳው ውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው የሚያልፈው። ጋሼ ከማውጣቱ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ አሰረ፤ አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው ቦታውን ያዘ፣ ከዚያ አዲሱን በሲባጎው ስበን አስገባነው። ባለቤቴ ከላይ ሆና እያየች «ቀሚስ ወገብ ውስጥ ላስቲክ ማስገባት አይደል እንዴ!» አለች። ትክክል ናት። ርዝመቱን በአሮጌው ለክተናል፤ ስንዘረጋውም ስል መታጠፊያ እንዳይኖረው ተጠንቅቀናል፤ ኬብል አንገቱን ሲጠመዝዙት አይወድም።

የመጨረሻው ነገር ልኩን ማስተካከል ነበር፤ ትዕግሥት የሚጠይቀውም እሱ ነው። እጀታዋ ፍሪ ላይ ስትሆን የካምቢዮው ክንድም ልክ መሀል ላይ መሆን አለባት፤ ወደፊትም ወደኋላም የምትሄደው እኩል መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ያለችውን ጥርስ ያላት ማያያዣ አንድ ዙር ማጥበቅ፣ አንድ ዙር ማላላት፣ እንደገና ማየት። ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ነዳጅ ከተሰጠ በውስጡ ያለው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ይበላል። ማለትም ካምቢዮው ያን ቀን ደህና የነበረ ቢሆንም በላላ ማቀፊያ አንድ ሁለት ክረምት ቢሠራ ባለሙያው በስልክ ያለው ነገር እውነት ይሆን ነበር። አባትና ልጅ ይህንን ሲያደርጉ ከእራት በኋላ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆዩ፤ በሐምሌ እዚያ ያን ሰዓት ገና ይታያል። እኔን አልፈለጉኝም። «ወደኋላ!» «ትንሽ ይቀረዋል!» «አሁንስ?» የሚለውን ከማቆሚያው ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። አማርኛና ስዊድንኛ እየተቀላቀለ ነው፤ «ፍሪ» የምትለዋ ቃል ግን የሁለቱም ሆናለች።

እህቴን ማሳመን የጥገናውን ያህል ጊዜ ወሰደ። ካምቢዮው ደህና ነው ሲሏት «እኔ ምን አውቄ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ቃል ምን ያደርግላታል? ሐሙስ ዕለት ጀልባዋ እንደታሰረች ወስደን አሳየናት። ልጇ እጇን ይዞ እጀታዋ ላይ አደረገላት። በስምንት ዓመት ውስጥ ነክታት አታውቅም ነበር። «ፍሪ ላይ ትንሽ ቁሚ፣ ከፊት ወደ ኋላ በአንዴ አይወሰድም» አላት። ወደፊት ገፋች፣ የኋላው ገመድ ተወጠረ። መለሰች፣ ቆመች። ወደኋላ ጎተተች፤ ውሃው ፈላ፣ የፊቱ ገመድ ተወጠረ። ደግማ አደረገችው። ሦስተኛ ጊዜም አደረገችው።

ቅዳሜ ጠዋት በሐማርቢ የውሃ በር አልፈን ወደ ደሴቶቹ ወጣን፤ ከፊታችን የቆመው ትልቅ ነጭ ጀልባ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረን ጋሼ እጀታዋን ወደኋላ ሳበና ቀጥ አልን። የመሸጡ ነገር አልተነሳም፤ አልተሻረምም። እህቴ ግን አንድ ደንብ አውጥታለች። ከማንኛውም ጉዞ በፊት፣ ገመድ ሳይፈታ፣ ማርሹን ወደፊትና ወደኋላ የምትሞክረው እሷ ናት። እኛ ጃኬታችንን ለብሰን፣ ምግቡን ጭነን፣ ልጆቹን አስቀምጠን እንጠብቃታለን። ገመዱ ሲወጠር በዓይኗ ታያለች፣ አንዳንዴም ትደግመዋለች፣ ከዚያ እጇን ትጠርግና «ፍቱት» ትላለች።